ቀበሮውን የሚቀልበው ሣሩ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ቀይ ቀበሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቡና እየጠጣሁ አነበብኩት። ደግ አደረጋችሁ፣ የፖለቲካ ወሬ አንብበን አንብበን ዓይናችን ደክሟል። ስጨርሰው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሙሉ ገጽ ስለ ቀበሮው ተወርቷል። ብርቅዬ ነው፣ ቱሪስት ይስባል፣ ቁጥሩ ተመናምኗል። ቀበሮው ስለሚበላው አይጥ አንድ መስመር አለ፣ አይጡ ስለሚበላው ሣር ደግሞ ምንም የለም። በሚቀጥለው እትም የወጣው የአንባቢ አስተያየት ጭራሽ ባሰ። ሰውዬው ከቄራ የሚተርፈው ሥጋ ለምን በመኪና ተጭኖ አይሰጣቸውም ይላል። በቅንነት እንደጻፈው አልጠራጠርም። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። በየዓመቱ የምግብ ሰንሰለት ሳስተምር ሰሌዳ ላይ ሣር፣ ፌንጣ፣ እንቁራሪት፣ እባብ፣ ንስር ብዬ በቀስት እያያዝኩ እጽፋለሁ። ተማሪው ይገለብጣል። ፈተና ላይ «ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል ስንት በመቶ ነው?» እላለሁ፣ አሥር ብሎ ይጽፋል፣ ማርኩን ይወስዳል፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ዘጠናውስ የት ይሄዳል?» አለችኝ። «በሙቀት መልክ ይባክናል» ብያት ወደ ሌላ ርዕስ ሄድኩ። ደወሉም ሊደወል ነበር። ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ይባክናል ማለቴም ትክክል አልነበረም።

መልሱን ያገኘሁት አገሬ ስገባ ነው። የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ያደግሁትም ከጓሳ ብዙ ሳይርቅ ነው። ለማታውቁት፣ ጓሳ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣ፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውርጫም ሜዳና ኮረብታ ነው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ጅብራ እዚህም እዚያም ብቻውን ቆሞ ታያላችሁ፣ ሌላው ሣር ነው። ሣሩም ስሙ ጓሳ ነው። ጠንካራ፣ ረጅም፣ በቡጥ በቡጡ የሚበቅል። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ የሚደረበው ገሳም ይሠራበታል። በልጅነቴ የጣራችን ሣር ሽታ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ልብሴ ላይ ይቀር ነበር፣ ከተማ ስመጣ የክፍል ልጆች በሱ ይስቁብኝ ነበር። ይሁን።

አንድ ጥቅምት ላይ ማለዳ ወጣሁና አንድ ቀበሮ አየሁ። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ቀበሮው ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፣ አይንቀሳቀስም። እኔ በጋቢ ተጠቅልዬ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ከጉድጓዱ ውስጥ ያለው ትንሽ አይጥ ግን በሕይወት አለ፣ ሞቃት ነው። እንዴት ሞቀው? ምን አንድዶ? ያን ጊዜ ነው የልጅቷ ጥያቄ የመጣብኝ። አይጡ ትናንት የበላውን ሣር ሌሊቱን ሙሉ ሲያነድ አድሮ ነው። ዘጠናው የሄደው እዚያ ነው። ሳይሞት ለማደር የተከፈለ ዋጋ ነው እንጂ ብክነት አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ፀሐይ ሜዳው ላይ ከምታፈሰው ብርሃን ሣሩ ይዞ ወደ ምግብ የሚለውጠው አንድ በመቶ ያህሉን ነው፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች። ከያዘው ላይ ደግሞ ለራሱ ያወጣል፣ ምክንያቱም ሣርም ይተነፍሳል፣ ሥር ይሰድዳል፣ የተሰበረውን ይተካል። ከተረፈው ውስጥ አይጥ አፍ የሚገባው ጥቂቱ ነው፣ አብዛኛው ደርቆ ወድቆ ይበሰብሳል። አይጡ ከበላውም ሁሉ አይፈጭለትም። ተፈጭቶ ደሙ ውስጥ ከገባው መካከል ደግሞ እንደ አይጥ ያለ ትንሽና ደመ ሞቃት እንስሳ ሥጋ አድርጎ የሚያስቀምጠው ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ ቢሆን ነው፣ ቀሪው ሙቀትና ሩጫ ሆኖ ያልቃል። ፌንጣ ይሻላል፣ ራሱን ስለማያሞቅ ከሚፈጨው ውስጥ ብዙውን አካሉ ላይ ያስቀራል። ስለዚህ ያ የምንሸመድደው አሥር በመቶ የአንድ ሐይቅ፣ የአንድ ደን፣ የአንድ ሜዳ ሒሳብ ሁሉ ተቀላቅሎ የወጣ ግምታዊ አማካይ ነው። አንዱ ጋ አምስት ይሆናል፣ ሌላው ጋ ሃያ ይደርሳል። እንደ ሕገ መንግሥት አንቀጽ የማይነካ አድርገን ማስተማራችን ያሳፍራል፣ እኔን ጨምሮ።

በነገራችን ላይ ይህንን ሒሳብ በደንብ አስልቶ ያሳየው ሬይመንድ ሊንደማን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ነበር። ሚኒሶታ ውስጥ አንዲት ረግረጋማ ትንሽ ሐይቅ ላይ ዓመታት ቆየ። ማን ምን ይበላል ብሎ ከመዘርዘር አለፈና ስንት ኃይል ከማን ወደ ማን ያልፋል ብሎ ጠየቀ። ጽሑፉን መጀመሪያ ገምጋሚዎች አልተቀበሉትም ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. ታትሞ ሲወጣ እሱ በ26 ዓመቱ አርፏል። ተማሪዎቼ አሥር በመቶውን እንጂ ስለዚህ ልጅ ከእኔ ሰምተው አያውቁም፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ይሰማሉ።

ወደ ቀበሮው ልመለስ። አንድ ቀይ ቀበሮ ከ11 እስከ 19 ኪሎ ይመዝናል፣ መካከለኛ ውሻ በሉት። በባሌ የተጠናው እንደሚያሳየው ምግቡ ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። ታዲያ አይጥ በሽ በሆነበት፣ በባሌ ምርጥ በሚባለው ሜዳ እንኳ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገኘው ቀበሮ አንድ ወይም ከአንድ ትንሽ ቢያልፍ ነው። አስቡት፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሙሉ ሣር፣ በሺህ የሚቆጠር አይጥ፣ ከላይ አንድ ቀበሮ። አደን ስላልቻለ ወይም ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ከፀሐይ የጀመረው ኃይል በየደረጃው እየተቀነሰ እሱ ጋ ሲደርስ የቀረው ለአንድ ብቻ ስለሚበቃ ነው። ለዚህም ነው በቤተሰብ አብሮ እየኖረ ለአደን ለየብቻው የሚወጣው። አንዲት አይጥ ለስድስት አትካፈልም።

እንግዲህ በመላው ዓለም ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች አምስት መቶ ገደማ ናቸው ሲባል፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ላይ ነው ሲባል፣ ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ መርገም አይደለም። ከላይ የሚቀመጥ ሁልጊዜም ጥቂት ነው። ጥቂት ስለሆነም ቶሎ ያልቃል። በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ባሌ ላይ ከውሻ የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ አብዛኛውን ጨረሰው፣ ከዚያም በኋላ ተመላልሷል። አይጥን በሽታ ቢጨርሰው በዓመቱ ተራብቶ ይመለሳል። ቀበሮው ግን መቼ ተወልዶ፣ መቼ አድጎ? ከጮቄ ተራራ እኮ ጨርሶ ጠፍቷል። ጎጃሞች ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ሥጋ ይወርወርላቸው ላሉት አንባቢ የምለው ይህንን ነው። ያ የቄራ ሥጋም ሣር ነው ወንድሜ። ሌላ ሜዳ ላይ፣ በሌላ ከብት ሆድ ያለፈ ሣር ነው፣ ያውም ስንት እጥፍ ሣር። እዚያ ሜዳ ላይ ብንጥለው መጀመሪያ የሚደርሰው ውሻ ነው፣ ከዚያ ጅብ፣ ከውሻው ጋር ደግሞ ያ ቀበሮውን የፈጀ በሽታ። የቀበሮው ቀለብ ያለው ከእግሩ በታች ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሳልል አላልፍም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ እንጾማለን። ሽሮና ምስር የሚበላ ሰው የሚበላው ከመጀመሪያው ደረጃ፣ ከአምራቹ፣ ማለትም ከተክሉ ላይ ነው፣ ለፋሲካ ቁርጥ ሲቆርጥ አንድ ደረጃ ይወጣል። ማሳው ያው ነው፣ የሚመግበው ሰው ቁጥር ግን በጣም ይለያያል። ካህናቱ ይህንን ብለው እንዳልደነገጉት አውቃለሁ። እኔ ግን በየጾሙ ይህ ሒሳብ ይመጣብኛል፣ በተለይ ሰባተኛው ሳምንት ላይ ጥሬ ሥጋ ሲያምረኝ።

ጓሳ ላይ ያለው ሌላው ጉድ ጭላዳው ነው። ጭላዳ ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ሁሉ ተለይቶ ሣር በል ሆኗል፣ ከምግቡ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ሣር ነው። ቀበሮው መንጋው መካከል ገብቶ ይመላለሳል። ግልገሎቹ አጠገቡ ይጫወታሉ፣ አይነካቸውም፣ እነሱም አይሸሹትም። ውሻ ሲያዩ ግን ገደሉን ይዘው ይወርዳሉ። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው እንዳሳየው ቀበሮው በጭላዳ መካከል ሆኖ ካደነ ከመቶ 67 ጊዜ ያህል ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 ብቻ። እዚህ ላይ ሒሳቡን ተመልከቱ። ስቶ የቀረ እያንዳንዱ ዝላይ ከሰውነቱ የወጣ ኃይል ነው፣ ያንንም መልሶ በአይጥ መሙላት አለበት። ጭላዳዎቹ ምንም ሳይሰጡት ወጪውን ቀነሱለት። ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ ቀስት ስሠራ ይህ የት ይገባል? አይገባም። ባሌ ላይ ደግሞ ቀበሮዎች እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው ቀይና ቢጫ አበባ ላይ ማር ሲልሱ ታይተው በ2024 እ.ኤ.አ. ተጽፏል። አንዳንዱ በአንድ ዙር እስከ ሠላሳ አበባ ይልሳል። ሥጋ በል ብለን የጻፍንለት እንስሳ እንደ ንብ አበባ ላይ! የምግብ ሰንሰለት የሚለውን ስም የምግብ መረብ ብንለው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ባለፈው ለገና አጎቴ ጋ ሄጄ ነበር። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳት ዳር ተቀምጠን ስለዚሁ ስለ ቀበሮ ማስተማር ጀመርኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ። ትንሽ ታገሡኝና «አንተ ልጅ፣ ይኼን ለኛ ነው የምታስተምረው?» አሉኝ። ከዚያ እሳቸው ቀጠሉ። ሣሩ በከብት ሲራቆት አይጡ መሸሸጊያ ያጣል፣ ይሰደዳል፤ አይጥ ያጣ ቀበሮ ደግሞ ግልገል በግ ማየት ይጀምራል። ሣሩ ደህና ከሆነ ቀበሮው በጋችንን ዞር ብሎም አያይ አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የደከምኩበትን በሁለት ዓረፍተ ነገር።

እውቀቱ ከየት መጣ? ጓሳን የጠበቀው ለረጅም ዘመን የአካባቢው ሰው ራሱ ነው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደሆነ ይነገራል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች የሚወለዱት እየተመካከሩ፣ አለቃ እየመረጡ ሜዳውን ይዘጉታል። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነካውም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈትና ሁሉም ወጥቶ ያጭዳል፣ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። የርስት ነገር ስለነበረበት ብዙ ሰው ከጥቅሙ ውጭ ነበርና ለፍትሑ አዋጁ ያስፈለገ ይመስለኛል፣ ግን ሜዳውን የሚዘጋ ሰው ጠፋ። በኋላ ሕዝቡ ራሱ በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው፣ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው።

የመክፈትና የመዝጋቱ ነገር ለእኔ የኃይል ሒሳብ ነው። በሦስት አራት ዓመት አንዴ የደረቀውን አገዳ በማጭድ መውሰድ ማለት ሣሩ ለሥሩ ያስቀመጠውን ሳይነኩ ትርፉን መውሰድ ነው። በየቀኑ በከብት መጋጥ ግን ገና ለጋ ቅጠሉ፣ ማለትም ብርሃን የሚይዝበት መዳፉ ነው የሚቆረጠው። ኮቴውም የአይጡን ጉድጓድ ይደፍናል። ከብት የበላው ሣር ደግሞ ለአይጥ አይደርስም፣ ለአይጥ ያልደረሰ ለቀበሮ አይደርስም። ሌላው ማረሻው ነው። ገብስ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ሰሜን ተራሮችም ላይ እንዲሁ። ገበሬውን አልወቅስም፣ ሆድ አለው፣ ልጅ አለው። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ግን አለ። ድሮ ሰው ጓሳን የጠበቀው ለቀበሮ ብሎ አይደለም፣ ለጣራው ብሎ ነው። አሁን አገሩ ሁሉ ቆርቆሮ እየሆነ ነው። ሣሩ ለሰው የማይጠቅም ቀን ማን ይዘጋዋል? አጎቴን ይህንን ስጠይቃቸው እሳቱን ቆሰቆሱና ዝም አሉ።

እሳቱ የኩበት ነበር። መንዝ እንጨት የለውም፣ ኩበት ነው የሚነደው። ይህም የትምህርታችን አንዱ ገጽ ነው። ኃይል መንገዱ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ከፀሐይ መጥቶ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፣ ሄደ ማለት ሄደ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የመሳሰሉት ግን ዞረው የሚመለሱ ናቸው። ከአፈር ሣር፣ ከሣር ላም፣ ከላም እበት፣ ከእበት አፈር። እበቱ ማሳ ላይ ሲወድቅ ትሉና በዓይን የማይታየው ሁሉ ይቀራመተውና መልሶ ለሥሩ ያቀብለዋል። ምድጃ ውስጥ ሲገባ ግን ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ የሚቀረው አመድ ነው። እማማ ይህን ያውቁ ይመስል አመዱን ወስደው ጓሮ ጎመን ሥር ይበትኑት ነበር፣ ከፊሉ እንዲመለስ። ብርድ አገር ደግሞ ማበስበሱ ራሱ ያዘግማል፣ ስለዚህ አንዴ ከዙሩ የወጣ ነገር ለመተካት ዘመን ይወስዳል። ያው ኩበት ባይነድ እንጀራው በምን ይጋገራል? መልስ የለኝም፣ አማራጭ ያላቀረበ ሰው ኩበት አታንድዱ ቢል ግን አልሰማውም።

ለዝግጅት ክፍሉ ሁለት ነገር ልለምንና ላብቃ። አንደኛ፣ ስለ ዱር እንስሳ ስትጽፉ እባካችሁ የሚበላውንም ጻፉ። አይጥ ፎቶ ላይ አታምርም፣ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን አንድ ገጽ ለፍልፈል ብትሰጡ በበኩሌ ጋዜጣውን ገዝቼ ለክፍሌ አድላለሁ።

ሁለተኛው ፎቶው ነው። ያወጣችሁት እንስሳ የኛ አይደለም፣ አውሮፓና እስያ በየጫካው የሚገኘው ቀበሮ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ቀይ ቀበሮ» ብላችሁ ስትፈልጉ እሱ ነው የሚመጣላችሁ፣ ስማቸው በአማርኛ ስለተገጣጠመ። የኛው ከስሙ በቀር ለተኩላ ነው የሚቀርበው፣ እግሩ ረጅም፣ አፍንጫው ቀጭን ነው። መለያው ቀላል ነው፣ የዚያኛው የጭራ ጫፍ ነጭ ነው፣ የኛው ጥቁር። በሚቀጥለው እትም አርሙት።

አክባሪያችሁ፣
የባዮሎጂ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን